የጡረተኛው በቅሎ ለቅሶ

አንድ ጊዜ፣ አራዊት ሁሉ በአንበሳ ችሎት በሚዳኙበት አገር፣ ቡላ የሚባል በቅሎ የንጉሡ መንገድ መሪ ነበር። ንጉሡ ወንዝ ሲሻገር መልካውን፣ ገደል ሲወርድ መውረጃውን የሚመርጠው እሱ ነው። የአንገቱ ቃጭል ከፊት ሲያቃጭል የኋላው ሁሉ ያለ ሐሳብ ይከተላል። አንድም ግልገል በጎርፍ ተወስዶበት አያውቅም። ቀበሮ ግን ይህን ሹመት ለእህቱ ባል ፈለገው።

ቀበሮው ችሎት ቀርቦ፣ ቡላ አርጅቷል፣ ጥርሱም አልቋል፣ አንድ ቀን ንጉሡን ይዞ ገደል ይገባል ሲል ከሰሰ። ቡላ ገና ጎልማሳ ነበር። ቢሆንም የበቅሎ ዕድሜ የሚታወቀው በጥርሱ ነውና፣ አይቶ እንዲመሰክር አያ ጅቦ ተጠራ። አያ ጅቦ የቡላን ከንፈር ገልጦ ወደ ውስጥ ተመለከተ። ጥርሱ ሙሉና ነጭ ነበር። የጅቡ ዓይን ግን ያረፈው ምላሱ ላይ ነው፤ ምላስ ይወዳል። ቀበሮውም አስቀድሞ ሥጋው ያንተ ይሆናል ብሎ በጆሮው ተስፋ ሰጥቶታል። ቀና አለና፣ «ድድ ብቻ ነው የቀረው» ብሎ መሰከረ።

ቡላ ደንግጦ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ጥርሶቹ ከዳር እስከ ዳር ይታዩ ነበር፤ ማንም ግን አየሁ አላለም።

አንበሳው ፈረደ። ቡላ ለአገልግሎቱ ይመስገን፤ ቃጭሉን ያስረክብና ጡረታ ይውጣ፤ ከምንጩ በታች ያለው መስክ ይሰጠው፤ ማንም እንዳይነካው። በራሱ ሞት የሞተ እንደሆነ ግን ሥጋው ለምስክሩ ለአያ ጅቦ ይሁን።

ከችሎት ሲወጡ አያ ጅቦ በጣም ተከፋ። በቅሎ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ታዲያ እስከ መቼ ልጠብቅ ነው ሲል ቀበሮውን ጠየቀው።

ቀበሮው ሳቀበት። «ጡረተኛ መቼ ይከርማል? ትናንት ንጉሥ ሲመራ የዋለ ዛሬ ዝንብ ሲያባርር ይውላል። ሐሳብ ይገድለዋል። አንተ ሆድህን ብቻ አዘጋጅ።»

አያ ጅቦ በማግስቱ ማለዳ ወደ መስኩ ወረደ። ከሩቅ ሲያይ ቡላ በጀርባው ወድቆ አራት እግሩን ወደ ሰማይ ያወራጫል። ጣር መሰለው። እንዲህ ቶሎ ይሆናል ብሎ አልጠበቀምና ለሃጩ እየተዝረበረበ ሮጠ። ሲደርስ ቡላ ብድግ አለ፤ አቧራውን አራገፈ፤ አስነጠሰውም። ከዚያ እንደምን አደርክ አያ ጅቦ አለው።

አያ ጅቦ በድንጋጤ ቁጭ አለ። «ምን ሆነህ ነው የምትወራጨው?»

«አቧራ ላይ እየተንከባለልኩ ነው» አለ ቡላ። «ዕድሜዬን ሙሉ ፀሐይ ስትወጣ እኔ መንገድ ላይ ነኝ። ፊቷን አይቼ አላውቅም። ለካ ሆድም ታሞቃለች።»

ጅቡ የሰማውን ማመን አቃተው። ሌላ ቀን ሲመጣ ቡላ ከግራሩ ጥላ ሥር ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንዲት ወፍ ከጆሮው መዥገር ስትለቅምለት አገኘው። ሌላ ቀን ደግሞ ከምንጩ ይጠጣል፤ ይጠጣና ይተወዋል፤ ትንሽ አስቦ እንደገና ይጠጣል። ና የሚለው የለም፤ ፍጠን የሚለው የለም። ዝናብ ሲመጣ እንኳ አይሸሽም፤ ጭነት የሌለበት ጀርባ ላይ ዝናብ ሲወርድ ደስ ይላል ይላል። ጎኑ ሞላ፤ ጠጉሩ አብረቀረቀ። እየከሳ የመጣው አያ ጅቦ ነው።

ሮጦ ቀበሮውን አገኘውና፣ «ኧረ በቅሎው እየወፈረ ነው» አለው።

ቀበሮው የገፉት ሰው ይስቃል ብሎ አስቦ አያውቅም። ወዲያው ግን ሌላ መላ ዘየደለት፦ «ሥራ ማጣት ካልገደለው በደል ይገድለዋል። በየቀኑ እየሄድክ አስታውሰው። መዋሸት አያስፈልግህም፤ እውነቱን ንገረው።»

አያ ጅቦ እንደታዘዘው አደረገ። ከቡላ አጠገብ ተቀምጦ በረጅሙ ተነፈሰ። ጥርስህ ሙሉ ነበር ወንድሜ፣ በሐሰት ነው የመሰከርኩብህ አለው። ቡላ ማኘኩን አቆመ። በማግስቱም መጣ፤ ቃጭልህን የቀበሮው እህት ባል አንጠልጥሎታል አለው። ከዚያም አዲሱ መሪ መንገድ ስቶ ግልገሎችን ጎርፍ ወሰዳቸው፤ ንጉሡ ግን ያንተን ስም አንድ ቀን እንኳ አላነሳም አለው። ሁሉም እውነት ነበር። እያንዳንዱን ሲነግረው ያለቅሳል፤ እያለቀሰ የጎድን አጥንቱን በዓይኑ ይመዝናል።

ቡላ መንከባለል ተወ። ፀሐይ ስትወጣ ጀርባውን ይሰጣታል። ያን ቀን በችሎት መናገር የነበረበትን አሁን ለግራሩ ይናገራል፤ ይጨርስና እንደገና ከመጀመሪያው ይነሳል። ወፏም ጆሮው አልረጋ ሲላት ትታው ሄደች። ሣሩ እፊቱ አድጎ እሱ አጥንቱ ቀረ።

አያ ጅቦ ነገ ነው የሚሞተው ብሎ ቆረጠ። የሌላ ሰፈር ጅቦች ቀድመው እንዳይደርሱበት ስለሰጋ ዘመዶቹን ከሩቅ ጫካ ጠራ። እነሱም ተርበው ስለነበር ሞት እስኪመጣ አልጠበቁም። ጎህ ሲቀድ መስኩ ዳር ክብ ሠርተው ተቀመጡና ለቅሶውን አቀለጡት።

ቡላ ከግራሩ ሥር ቀና አለ። ሐዘን አይቶ ማለፍ ነውር ነውና እየተንገዳገደ ሄደ፤ ከለቀስተኞቹ ጀርባ ቆሞም፣ «እግዜር ያጽናችሁ» አለ። «ማን ሞቶባችሁ ነው?»

አያ ጅቦ ደርቆ ቀረ። አክስቱ ግን ራሷን በእግሮቿ መካከል እንደቀበረች መለሰች፦ «ቡላ የሚባል በቅሎ ነው፣ አባቴ።»

«በምን ሞተ?»

«በብስጭት። ይኸው የወንድሜ ልጅ በየቀኑ እየመጣ ሲያበሳጨው ከርሞ።»

ቡላ አያ ጅቦን አየው። ችሎት ፊት እንኳ እንዲህ አልደነገጠም ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ሟቹን አውቀዋለሁ፤ ለጥቂት ነው የተረፈው» አለና ዞሮ ወደ ምንጩ ወረደ። ጠጣ። ተወው። እንደገና ጠጣ።

አክስቲቱ አሁን ቀና ብላ አየችው፤ አፏም ተከፍቶ ቀረ። ሽማግሌው አጎት ጉሮሮውን ጠረገ። «ለቅሶ ጠርተህ ባዶ ሆዳችንን ልትመልሰን ነው?»

ሁሉም ወደ አያ ጅቦ ዞሩ። እሱም ስንት ጊዜ ሌላውን ያየበትን ያን ዓይን ለመጀመሪያ ጊዜ ከፊት ለፊት አየው። ተነስቶም ሮጠ። ለቀስተኞቹም እያለቀሱ ተከተሉት።

ቀበሮው ምንም አልሆነም። ዛሬም ከአንበሳው ቀኝ ነው የሚቀመጠው፤ ቡላንም ይቅርታ የጠየቀው የለም።

ከዚህ የምንማረው፣ በግፍ የተገፋ ሁሉ ቁስሉን በየቀኑ እየነካካ የሚያስለቅሰውን ወዳጄ ብሎ ከማመኑ በፊት ያ ሰው ከሞቱ ምን እንደሚያገኝ መጠየቅ እንዳለበት፣ ፍርድ ባያገኝም ፀሐይዋን ለመሞቅ ማንንም ማስፈቀድ እንደማያስፈልገው ነው።