ቀስ ብሎ የቀለለው ፈረሰኛ

አንድ ፈረሰኛ ነበር። ስሙ አለኸኝ ይባላል። በወጣትነቱ ኮርቻ ላይ ጉብ ሲል ሰውና ፈረስ አብረው የተፈጠሩ ይመስል ነበር። የሚኖርበት ደጋ የፈረስ አገር ነው። በየዓመቱ ጥር ሲገባ የየመንደሩ ፈረሰኞች በሰፊው ሜዳ ተሰብስበው ይጋልባሉ፤ ሴቶቹ እልል ይላሉ፤ ሽማግሌዎቹ ይመርቃሉ። ታዲያ ያ በዓል የአለኸኝ ስም ሳይነሳበት አልፎ አያውቅም።

ኋላ ግን አለኸኝ የእህል መደብር ከፈተ። ንግዱ ቀናው። ቀኑን ሙሉ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ደንበኛ ያስተናግዳል፤ ከደንበኛው ጋር ይበላል፤ ከወዳጁ ጋር ይጠጣል፤ ቤቱ ሲገባ ደግሞ እንዳልበላ ሰው እንደገና ማዕድ ይቀርባል። ሚስቱ አትጠገብ "ኧረ ቀስ በል" ስትለው፣ "ሰው የሚለፋው ለሆዱ አይደል?" ብሎ ይስቃል። ዓመት ዓመትን ሲተካ ቀበቶው አጠረው። ከመደብሩ ወደ ቤቱ የምትወስደው አጭር አቀበት እንኳ መንገድ ላይ እያስቆመች ታስተነፍሰው ጀመር።

አንድ ጥር ላይ እንደ ልማዱ ንፋሱ የሚባለውን ፈረሱን ጭኖ ወጣ። ሁለት ጎረምሶች ደግፈው ኮርቻው ላይ አወጡት። ሜዳው መሀል ሲደርስ ግን የንፋሱ የፊት እግሮች ከዱት። ፈረሱ በጉልበቱ ወደቀ፤ አለኸኝም ተንከባሎ አፈር ላይ ተዘረጋ። ከዚያ ከወዲያኛው ዳር አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ ሳቁም እንደ ሰደድ እሳት ሜዳውን አዳረሰው።

የፈረሰኞቹ አለቃ አያ ሞላልኝ ግን አልሳቁም። መጀመሪያ የፈረሱን ጉልበት ዳበሱ፤ ደህና መሆኑን ሲያዩ ወደ አለኸኝ ዞሩ።

"ፈረሱ አልበደለህም፤ አንተ ነህ የበደልኸው" አሉት። "እንዲህ እንዳለህ ከሆነ ለከርሞ እዚህ ሜዳ አትገባም።"

አለኸኝ አንገቱን ደፍቶ፣ ንፋሱን እየሳበ በእግሩ ወደ ቤቱ ሄደ። ከውድቀቱም ከሳቁም ይልቅ ውስጡን የበላው ግን ቤት ሲደርስ የሰማው ነገር ነው። ሴት ልጁ እንጉዳይ ለአቅመ ግልቢያ ደርሳ፣ አንዲት ጥቁር ሴት ፈረስ፣ ጉራቻ ባዝራ፣ ታለማምድ ነበር። ልብሱን ከአቧራ እያራገፈችለት እንዲህ አለችው፦

"አባባ፣ ለከርሞ እኔም ሜዳ እወጣለሁ። አጠገቤ ካልጋለብህ ግን አልወጣም።"

"ልጄ፣ አባትሽን አላየሽውም እንዴ?"

"አይቻለሁ። ዓመት ግን ረጅም ነው።"

በማግስቱ አለኸኝ ቆርጦ ተነሳ። ቅቤውን ተወ፤ ጠላውን ተወ፤ በየደንበኛው መሶብ እጁን መስደድ ተወ። በበቅሎ ይሄድበት የነበረውን የወፍጮ ቤት መንገድ በእግሩ ይያያዘው ጀመር። እህል ነጋዴ ነውና እምነቱ ሚዛን ላይ ነው። "ሚዛን አይዋሽም" ይል ነበር ገዢ ሲከራከረው። እናም በየገበያው ቀን፣ ጆንያ በሚመዝንበት ትልቁ ሚዛን ላይ ራሱ ይወጣ ጀመር።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚዛኑ መርፌ ወደ ታች ሽርት አለች። ደግሞ ሽርት አለች! አለኸኝ ከሚዛኑ ዘሎ ወርዶ "ጎደልኩ! ጎደልኩ!" እያለ ሲጮህ፣ ጤፍ ልትገዛ የመጣች ሴት እህሉ የጎደለባት መስሏት ደነገጠች። እንጉዳይ እልልታዋን አቀለጠችው። "እንዲህ ከሄደማ ለፋሲካ እንደ ሽመል እሆናለሁ" አለ አለኸኝ፤ ያገኘውን ሁሉ እየጠራም ሚዛኑን ያሳያል።

ከዚያ መርፌዋ ቆመች።

አንድ ገበያ አለፈ፤ ቆማለች። ሌላ ገበያ አለፈ፤ ያው ናት። አለኸኝ ተናዶ ሥራውን እጥፍ አደረገው። እንጨት ራሱ ፈለጠ፤ ጆንያ ራሱ ተሸከመ፤ ከተራራው ግርጌ እስከ አናቱ ወጣ ወረደ። ይህን ሁሉ አድርጎ ሚዛኑ ላይ ቢወጣ መርፌዋ ወደ ላይ ከፍ ብላ ጠበቀችው።

"እንዴት ተደርጎ!" ብሎ ጮኸ። ሚዛኑን ገለበጠው፤ ጠረገው፤ በጆንያ ፈተነው። ሚዛኑ ደህና ነበር።

ነገሩ በመንደሩ ተሰማና መካሪው በዛ። አንዱ "ሎሚ በሙቅ ውሃ ነው መድኃኒቱ" አለው። አንዷ "ፌጦ ነው እንጂ!" አለችው። ሌላው ደግሞ "እህል የሚባል ነገር ካፍህ አይግባ፤ ያኔ መርፌዋ ትደነግጣለች" አለው። አለኸኝም ሁሉንም ሞከረ። በመጨረሻ እህል አልቀምስም ብሎ ውሃ ብቻ እየጠጣ ዋለ፤ ደግሞም ዋለ። ጆንያ ሊያነሳ ጎንበስ እንዳለ ዓይኑ ጨለመና እዚያው እህሉ ላይ ተደፋ።

ሲነቃ ሚስቱ ውሃ እየረጨችው አጠገቡ ተቀምጣለች።

"አንተ ሰውዬ" አለችው እንባዋ እየመጣ፣ "ልትቀንስ የፈለግኸው ክብደትህን ነው ወይስ ዕድሜህን?"

ከዚያ በኋላ የአለኸኝ ወኔ ተሰለበ። በዚያው ሰሞን የክርስትና ድግስ ተጠርቶ ነበርና ሄደ። በንዴት በላ፤ በንዴት ጠጣ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ልጁን በረት አጠገብ አገኛት።

"እንጉዳይ፣ ልጄ፣ አጠገብሽ የሚጋልብ ሌላ ሰው ፈልጊ። የእኔ ነገር አልሆነም። ብበላም ይጨምራል፤ ብተውም ይጨምራል።"

እንጉዳይ ወደ ባዝራዋ ዞረች። ኮርቻዋን ፈትታ ጓዳ አስገባችውና በሩን ዘጋች። ከዚያ ነጠላዋን ደርባ በቀጥታ ወደ አያ ሞላልኝ ቤት ሄደች።

አያ ሞላልኝ በማግስቱ ጠዋት መጡ። አለኸኝ ብድግ ብሎ ተቀበላቸው፤ ዓይናቸውን ግን ማየት አልቻለም።

"ሚዛኑ ምን አለህ?" አሉት ገና ሳይቀመጡ።

"ጨመርህ አለኝ።"

"እሺ። ንፋሱን ማን ገራው?"

"እኔ ነኛ! ይህን እርስዎም ያውቃሉ።"

"ክረምቱን ሙሉ ሣር ሲግጥ ከርሞ ሆዱ ተነፍቶ ሲወጣ፣ ለጥር እንዴት ታደርሰዋለህ?"

አለኸኝ ስለ ፈረስ ሲጠየቅ ዓይኑ በራ። "ገብስ በልክ እሰጠዋለሁ። አላስርበውም፤ የተራበ ፈረስ አቀበት ላይ ይወድቃል። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ አስወጣዋለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ሆዱ ቶሎ ይጎድላል። ከዚያ ምንም የማይለወጥ ይመስላል፤ ለካስ ውስጥ ውስጡን ጭኑ እየጠነከረ፣ ደረቱ እየሞላ ነው። የማያውቅ ሰው ያን ጊዜ ቢያየው ወፈረ እንጂ..."

ድንገት ወደ ገዛ ሆዱ ተመለከተ።

"ቀጥል እንጂ" አሉ አያ ሞላልኝ። "ያን ጊዜ ታዲያ ሚዛን ላይ ታወጣዋለህ?"

"ፈረስ ሚዛን ላይ ማን ያወጣል!"

"በምን ታውቀዋለህ ታዲያ?"

"በትንፋሹ ነዋ። አቀበቱን ወጥቶ ትንፋሹ ቶሎ ከተመለሰ ፈረሱ መንገድ ላይ ነው።"

"ያንተስ ትንፋሽ? ይህን አቀበት ወደ ቤትህ ስትወጣ የት ላይ ቆምህ?"

አለኸኝ አሰበ። "ትናንት... አልቆምኩም መሰለኝ። ተናድጄ ስለነበር ነው እንጂ።"

"ንዴት አቀበት አያወጣም፤ የሚያወጣው እግር ነው!"

ይህን ጊዜ አትጠገብ ከጓዳ ወጣች። "ሱሪውን ሁለት ጊዜ ያጠበብኩለት እኔ አይደለሁ እንዴ! ይኸው ደግሞ ሊወልቅበት ነው። ግን መቼ እኔን ይሰማል? የሚሰማው ያንን ብረት ነው" አለች። አያ ሞላልኝ ሳቁ፤ አለኸኝም ሳይወድ በግዱ ሳቀ። እጁን ወደ ወገቡ ሲሰድ እውነትም በሱሪውና በሆዱ መካከል ሁለት ጣት ያስገባል።

"ስማ" አሉት አያ ሞላልኝ። "ሚዛን ውሸታም አይደለም፤ የሚያውቀው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። ውሃ ጠጥተህ ብትወጣበት ጨመረ ይላል። ጡንቻ ብታወጣም ጨመረ ይላል። ምኑ እንደ ጨመረ ቢጠይቁት አያውቅም። አንተ ግን ፈረስ ስትገራ የምትታገሠውን ያህል ራስህን አልታገሥህም። ፈረስህን ታስርበዋለህ? አታስርበውም። አንድ ቀን ጭቃ ቢረግጥስ? ታጥበዋለህ እንጂ አታርደውም። የትናንቱም ድግስ ያው ጭቃ ነው። ታጠብና ተነሳ።"

አለኸኝ በዚያው ዕለት ተነሳ። ቁርሱን በልክ በልቶ ተራራውን ወጣ። ከዚያ ወዲህ ሚዛኑ ላይ የሚወጣው አልፎ አልፎ ነው፤ ጨመረ ሲለው ይገረማል፣ ቀነሰ ሲለው ደስ ይለዋል፣ ሁለቱንም ግን ሰምቶ ወደ ሥራው ይሄዳል። ነገሩ አሁንም አዝጋሚ ነበር። የሰለቸው ቀን ነበር፤ የተሰናከለበት ሳምንትም ነበር። ቢሆንም አንድ ጠዋት ከተራራው አናት ላይ ሆኖ እየዘፈነ መውጣቱ ትዝ አለው። ዘፈን ለመዝፈን ትንፋሽ ያስፈልጋል! ብቻውን ሳቀ፤ ቁልቁለቱንም እየሮጠ ወረደ።

ጥር ደረሰ። ሜዳው በሰው ተሞላ። በቀይና በቢጫ ጥለት ያጌጡ ፈረሶች መሬቱን እየጎደፈሩ ያሽካካሉ፤ ጡሩምባው ይነፋል፤ እልልታው ሰማይ ይነካል። አለኸኝ ቀጭን ሰው አልሆነም። ትከሻው ሰፊ፣ ወገቡም ደልደል ያለ ነው። ኮርቻው ላይ ግን ማንም ሳይደግፈው እመር ብሎ ጉብ አለ። አያ ሞላልኝ ንፋሱን ሜዳውን አንዴ አስዞሩት፤ የፈረሱን ደረት በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ትንፋሹን አዳመጡ።

"ግባ!" አሉ።

አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተሰለፉ። ጡሩምባው ሲነፋ እንደ ጥይት ተተኮሱ። ነፋሱ ጆሮ ላይ ያፏጫል፤ ኮቴው እንደ ከበሮ ይመታል፤ እንጉዳይ "ሆ! ሆ!" እያለች ትስቃለች። አለኸኝም የሃያ ዓመት ጎረምሳ የሆነ መሰለው።

ያን ጊዜ ነው ከተመልካቹ መሀል አንድ ጃንጥላ በነፋስ ተገልብጦ የባዝራዋ ፊት ላይ የመጣው። ባዝራዋ ደነበረች። ልጓሟን ነክሳ ከሜዳው ወጣችና ወደ ገደሉ አቅጣጫ በረረች። እልልታው ወደ ጩኸት ተለወጠ።

አለኸኝ ሳያስብ ንፋሱን ኮለኮለው። ፈረሱ እንደ ስሙ ሆነ። የአንድ ፈረስ ርዝመት ያህል ቀረው፤ ግማሽ ቀረው፤ ደረሰባት! ተዘርግቶ የባዝራዋን ልጓም ያዘ። ገደሉ ከፊታቸው አፉን ከፍቷል።

"ሳቢው አባባ! ሳበው!" ትላለች ልጅቱ ቃሉ ተደነባብሮባት።

አለኸኝ ግን በኃይል አልሳበም። የደነበረ ፈረስ ባንዴ ከሳቡት ተገልብጦ ይወድቃል። ጭኑን አጥብቆ ወደ ጎን ትንሽ ሳብ አደረጋት። ደግሞ ትንሽ። መጀመሪያ ምንም የተለወጠ አይመስልም ነበር። ከዚያ የባዝራዋ አንገት ዞረ፤ ትከሻዋ ተከተለ፤ ሁለቱ ፈረሶች ከገደሉ አፋፍ ራቅ ብለው ሰፊ ክብ ሠርተው ወደ ሜዳው ተመለሱ።

ሕዝቡ አበደ! ወንዱ ይፎክራል፤ ሴቱ እልል ይላል፤ አትጠገብ ነጠላዋ ወድቆ በባዶ ራሷ ትሮጣለች። አያ ሞላልኝ መጥተው የአለኸኝን ጉልበት ያዙ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። "ጎሽ የኔ ጀግና" አሉት።

ከሕዝቡ አንዱ "አለኸኝ፣ ለመሆኑ ስንት ኪሎ ቀነስህ?" ብሎ ጮኸ።

አለኸኝ ሊመልስ አፉን ሲከፍት እንጉዳይ ቀደመችው። ፊቷ በአቧራና በእንባ ተለውሷል፤ ግን ትስቃለች።

"አባባ፣ እንደገና እንሂድ!"

እንደገናም ሄዱ።

ወዳጄ ሆይ፣ ክብደት ለመቀነስ የሚታገል ሰው ሁሉ መርፌዋ የምትቆምበት ቀን አለው። ባስ ሲልም በለፋበት ሳምንት ሚዛኑ ጨመርህ ይለዋል። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን ወይ ራሳችንን በረሃብ እንቀጣለን፣ ወይ ሁሉን ጥለን ወደ ድግሱ እንገባለን። ሰውነት ግን ባንዴ ስበው የሚያዞሩት ነገር አይደለም፤ ትንሽ ትንሽ ሲስቡት ነው የሚዞረው፤ መዞሩም ከመታየቱ በፊት ይጀምራል። ቁጥሩ ዝም ሲልህ እግርህን ጠይቀው፤ ትንፋሽህን ጠይቀው፤ አብሮህ የሚኖረውን ሰው ጠይቀው። ለፈረሱ የሚታገሥ ሰው ለራሱ መታገሥ ያቅተዋል?

አንተስ፣ አንቺስ፣ ዛሬ "ምንም አልተለወጠም" ብላችሁ ልትተዉት ያሰባችሁት ነገር፣ ምናልባት አንገቱን ማዞር የጀመረው ገና አሁን ቢሆንስ?