ጃርት የበላችው ስንጥቅ

ተረት ልነግራችሁ ነው፤ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩ አጠገብ የተቀመጣችሁ ግን ከቦታችሁ አትነሡ። ለምን እንዳልኩ ኋላ ይገባችኋል።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳው ሁሉ፣ ዕቃው ሳይቀር፣ በሚናገርበት ዘመን፣ ጃርት ከሁለት ልጆቿ ጋር አንድ ሸለቆ ውስጥ ትኖር ነበር። ከሸለቆው በላይ፣ ከተራራው ወገብ ላይ፣ ናዳ የገደበው ሐይቅ ነበር። አንድ ቀን ጃርት ሥር ስትምስ ከአፈሩ ግድብ ላይ ስንጥቅ አየች። ከጀርባዋ አንድ እሾህ ነቅላ ብትሰካበት ልክክ አለ። በሳምንቱ ብትሄድ ስንጥቁ ሁለት እሾህ ጎረሰ። በሌላው ሳምንት ብትሄድ ሦስት ጎረሰ።

«ይኼ ግድብ ሊሄድ ነው» አለች። «እሱ ከሄደ ደግሞ ከሸለቆው የሚተርፍ የለም።»

ነገሩን በቃል ብትናገር ማን ይሰማታል? አንድ እሾህ ገባ፣ ሦስት እሾህ ገባ ቢሉት ለማን ይገባዋል? ስለዚህ መላ መታች። መንገደኛ ረስቶት የሄደ ፋኖስ ነበራት፤ ወስዳ ወንዙ ዳር ባለው ዋሻ ውስጥ አስቀመጠችው። የኮባ ቅጠል በጥርሷ እየቀረጠፈች ተራራውን ሠራች፣ ሐይቁን ሠራች፣ ወንዙን ሠራች፣ ስንጥቁን ሠራች። ቅጠሉን ከፋኖሱ ፊት ስታንቀሳቅሰው ጥላው ግድግዳው ላይ ይሄዳል። እናንተ ዛሬ ፊልም ትሉታላችሁ፤ እነሱ የግድግዳ ጥላ ይሉት ነበር።

በመጀመሪያው ቀን እንስሳው ሁሉ በጠራራ ፀሐይ መጥቶ ዋሻውን ሞላው። ጃርት አንድ እሾህ፣ ሁለት እሾህ፣ ሦስት እሾህ አሳየች። ከዚያ ግድቡ ሲናድ፣ ውሃው ሸለቆውን ሲውጠው አሳየች። ገና መሃሉ ላይ ሳለች እማማ ዔሊ ተነሥታ፣ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ፣ ልጆቿን አስከትላ ወጣች። ጃርትን ከሁሉ በላይ ያመማት ይኼ ነው።

ጥላው ሲያልቅ አያ ቁራ ጉሮሮውን ጠረገ። ቁራ ሳይጠየቅ አስተያየት የሚሰጥ፣ ሲጠየቅም የማያቆም ነበር።

«ልፋቷስ ደግ ነው» አለ። «ግን ሳቅ የለው፣ ፍቅር የለው። እሾህ ሲቆጠር መዋል ምኑ ይታያል? ደግሞስ እንግዳን ጠርቶ፣ አስፈራርቶ መሸኘት ምን የሚሉት ጥበብ ነው?»

እመት ጦጢት ከአፉ ነጠቀችው። «እኔ የታዘብኩት ሌላ ነው። ግድግዳው ላይ ወንዙ ወደ ግራ ወረደ። ከዚህ ዋሻ በር ላይ ቆመሽ ስታዪው ወንዛችን የሚወርደው ወደ ቀኝ ነው! ወንዙን ያላወቀች ስንጥቁን በምን አወቀችው?»

«ኧረ እመት ጦጢት፣ ግድግዳውን ስታዪ እኮ ወንዙ ከጀርባሽ ነው» አለች ጃርት። «ዞር ብትዪ…»

ማን ሊዞር! በቀቀን ጭራሹን ዋሻው ውስጥ አልገባም ነበር። በሩ ላይ ሆኖ የሰማትን ይዞ ከዛፍ ዛፍ በረረ። «ወንዙ ተገልብጧል! ጃርት ዋሽታለች! ወንዙ ተገልብጧል! ጃርት ዋሽታለች!» ፀሐይ ሳትጠልቅ ያልሰማ አልነበረም። ጥላውን ያላዩት ካዩት ይልቅ ተቆጡ።

ጎረቤቷ ጥንቸል ወንዙ ዳር፣ ጉድጓድ ውስጥ፣ ስድስት ልጆች ነበሯት። ቀስ ብላ መጣች። «እመት ጃርት፣ እውነቱን ንገሪኝ። ልጆቼን ይዤ ጉብታው ላይ ልውጣ ወይስ ልቀመጥ?»

ጃርት አፏን ከፈተች። በቀቀን ከዛፉ ላይ አንገቱን አስግጎ ያዳምጣል። ጃርት ውሃውን ትፈራለች፤ አፍንም ትፈራለች። ውሃው ሩቅ ነው፤ አፉ ግን እዚያው ራሷ ላይ ነው።

«እስቲ… ትንሽ እንይ» አለቻት።

በሁለተኛው የጥላ ቀን ጃርት ወንዙን ወደ ቀኝ አዙራ መጣች። አንድ ጅብ ጨምራም ውሃ ውስጥ ገልብጣ ጣለችው። እንስሳው በሳቅ ፈረሰ። ስንጥቁ ሲመጣ ግን አዛጉ። «ተሻሽላለች» አለ ቁራ። «ያቺ ስንጥቅ ናት የምታሰለቸው።» «ስንጥቅ አሰለቸን! ስንጥቅ አሰለቸን!» አለ በቀቀን። በዚያ ሳምንት ጃርት እሾህ ልትሰካ ተራራው ላይ አልወጣችም፤ ቅጠል ስትቀረጥፍ ዋለች።

በሦስተኛው የጥላ ቀን ፋኖሱ እንዲህ አላት፦ «እመቤቴ፣ ስንጥቁ የታል?»

«በላሁት።»

«በላሽው?»

«ኮባ አይደል? በላሁት አልኩህ። እስቲ ተወኝ!»

የፋኖሱ እሳት ተንቀጠቀጠ። «እኔ የሰጠሽኝን ነው የማሳየው» አለ። «የደበቅሽው ግን ራሱ መጥቶ ይታያል።»

በዚያ ቀን ግድግዳው ላይ ሠርግ ተደገሰ፤ ሚዳቋ ተዳረች፣ ዝንጀሮ ዘለለ። ዋሻው በጭብጨባ ተናጋ። ቁራ አለቀሰ። «እንዲህ ነው እንጂ!» አለች ጦጢት። ጃርትም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች።

ያኔ የጀርባዋ እሾህ አንድ በአንድ ቆመ። እሷ ሳታውቅ ጀርባዋ አወቀ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ ከላይ ጉምጉምታ መጣ።

«ድምፁን ስሙልኝ!» አለ ቁራ። «እውነተኛ ውሃ እኮ ነው የሚመስለው!»

«ውሃ ነው!» ብላ ጮኸች ጃርት። «ውጡ! ግድቡ ሄዷል፣ ውጡ!»

አጨበጨቡላት። «ትወናዋን እዩልኝ!» አለች ጦጢት።

ጃርት ልጆቿን ከፊቷ እየገፋች ወደ ጉብታው ሮጠች። በሩ አጠገብ የተቀመጡት ደንግጠው ተከተሏት። ቁራ በረረ። ጦጢት ዛፍ ላይ ወጣች። በቀቀን ቀድሞም ዛፍ ላይ ነበር። ክንፍም ጥፍርም የሌላቸው፣ ከውስጥ ከጥጉ የተቀመጡት፣ እያጨበጨቡ ቀሩ። ፋኖሱም እንደበራ ሄደ።

ጉብታው ላይ እማማ ዔሊ ከነልጆቿ ተቀምጣለች።

«እማማ፣ ጠልተሽው የወጣሽ መስሎኝ ነበር» አለች ጃርት እያለከለከች።

«ሦስቱን እሾህ ስታሳዪ ነገሩ ገባኝ። የኔን እግር ታውቂዋለሽ፤ እስከ መጨረሻው ብቀመጥ መቼ እደርሳለሁ? በስንጥቁ በኩል ዞሬ በዓይኔ አየሁትና እዚህ ወጣሁ። እኔ አንቺን አመንኩሽ ልጄ። አንቺ ራስሽን ለምን ካድሽ?»

ጥንቸል እንደራሰች ጉብታውን ወጣች፤ ሦስት ልጆች ይከተሏታል። ቆጠረቻቸው። ደግማ ቆጠረቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ ጃርትን አየቻትና ዝም አለች። ጃርት ቁራን ፈርታለች፣ ውሃውንም ፈርታለች፤ እንደዚያ ዝምታ የፈራችው ግን በዕድሜዋ የለም።

ውሃው ሲጎድል ቁራ ከደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ። «መጨረሻው ግን ትንሽ ረዘመ» አለ። በቀቀንም «መጨረሻው ረዘመ! መጨረሻው ረዘመ!» እያለ በረረ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ክንፍ ያለው ጎርፍን ሲያቃልል እግር ያለው አይስማው። እውነት የያዘም ለጭብጨባ ብሎ እውነቱን አይብላ። ተረቴን መልሱ። አፌን በዳቦ ከማበሳችሁ በፊት ግን ውጡና የናንተ ግድብ ስንት እሾህ እንደሚጎርስ እዩልኝ።