ለበሬ በሞቴ አይባልም

አንድ በሬ አደላቢ ሰው ነበረ። ተቀመጥ እንጂ አሰግድ፤ በር ላይ ቆመህ የጠየቅኸኝን ቆሜ አልመልስልህም። «ጋሼ፣ የሄደው ሰውነቴ ተመልሶ ይመጣል ወይ?» ነው ያልከኝ። እኔ ሠላሳ ዓመት የከብት ሐኪም ነበርኩ እንጂ የሰው ሐኪም አልነበርኩም፤ የመድኃኒቱን ነገር ከሐኪምህ ጋር ጨርስ። እኔ የማውቀውን ልንገርህ፤ የማውቀው ደግሞ በሬ ነው።

ሰውዬው የሐረርጌ ደጋ ሰው ነው። እዚያ አገር ሰንጋ እንዴት እንደሚደልብ ታውቃለህ? አታውቅም፤ የከተማ ልጅ ነህ። መስክ ለቀውት አይውሉም፤ ድርቆሽ ቆልለውለትም አይሄዱም። ደጃፋቸው ላይ አስረው በእጃቸው ያጎርሱታል። የማሽላውን አገዳ ይቆርጡታል፣ ይልጡታል፣ ይሰብሩታል፣ አፉ ድረስ ይወስዱለታል። ጠዋት ይጎረሳል፣ ረፋድ ላይ ይጎረሳል፣ ከሰዓትም ይጎረሳል። ልጆቻቸውን እንኳ እንደዚያ አያጎርሱም።

ይህ ሰው በዚህ ሙያ የተመሰከረለት ነበር። ሌላው ተስፋ የቆረጠበትን፣ ጎድኑ ከሩቅ የሚቆጠር በሬ ከገበያ ጎትቶ ያመጣና በዓመቱ ሰው ዞሮ የሚያየው ሰንጋ አድርጎ ያወጣዋል። እንዴት ነው ሲሉት «መታገሥ ነው» ይላል። ሌላ ምንም አይጨምርም።

ታዲያ ይህንኑ ሰው አንጀቱን አመመው። መጀመሪያ የሚያልፍ መስሎት ዝም አለ። የበላው አይረጋለትም፣ ይቆርጠዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ እንደገና ይቆርጠዋል። ከተማ ወርዶ ተመረመረ። «ይህ በሽታ እየተኛ እየተነሣ አብሮህ ይኖራል፤ መድኃኒቱን እንዳታቋርጥ» አሉት። አላቋረጠም። ቁርጠቱም ከጊዜ በኋላ ጋብ አለለት። የሄደው ሰውነቱ ግን አልመለስ አለ። የሠርጉን ኮት ሲለብሰው የወንድሙን የተዋሰ ይመስላል።

መክሳት ደግሞ በእኛ አገር የግል ጉዳይ አይደለም። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ሰላም ሳይለው «ምነው፣ እንዲህ ከሳህ?» ይለዋል። አንዱ ቅቤ ጠጣ ይለዋል፤ አንዱ ጮማ ቁረጥ ይለዋል። ለቅሶ ቤት ቢሄድ እንኳ የሞተው ሰው ተረስቶ የእሱ ክሳት ወሬ ይሆናል። ገበታ ላይ ሲቀመጥማ ያው የምታውቀው ነው፤ እጅ በያቅጣጫው ይዘረጋል። «በሞቴ!» «አፈር ስሆን!» «እኔ ልሙትልህ፣ ይቺን ብቻ!» ሰው በገዛ ሞቱ እየማለ ሲለምንህ እንዴት ብለህ እምቢ ትላለህ? አፉን ይከፍትላቸዋል። እነሱ እጃቸውን ታጥበው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ፤ እሱ ሁለት ቀን ከጓሮ አይመለስም።

ከሁሉም የባሰችው ሚስቱ ነበረች። ክፉ ሆና አይደለም። የሚሞትባት መስሏት ትፈራ ነበር፤ ፍርሃቷን ሁሉ ሳህኑ ላይ ትቆልለዋለች። አንድ የበዓል ቀን በቅቤ የራሰ፣ ጡጫ የሚያህል ጉርሻ ጠቅልላ፣ እንባ ባቀረረ ዐይኗ እያየችው «በሞቴ» አለችው። በላላት። ሦስት ቀን ተኛ። እሷም ራስጌው ተቀምጣ «የገደልኩህ እኔ ነኝ» እያለች አለቀሰች። ቁርጠቱን ለምዶታል፤ የእሷን ለቅሶ ግን አልቻለውም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል ተማረ፤ «በልቻለሁ» የምትል። ቁርስ ላይ በልቻለሁ፣ ጎረቤት ቤት በልቻለሁ። ሚስቱን ደግሞ «ምሳዬን ስጪኝ፣ በረት ሄጄ ከበሬው ጋር እበላለሁ» ይላታል። ሳህኑን ይዞ ይወጣል፣ አንድ ሁለቴ ይቀምሳል፣ ቀሪውን ለዶሮዎቹ ይበትነዋል። ብቻውን ሲሆን ምግቡ አፉ ውስጥ ይዞራል እንጂ አይወርድለትም። ሚስቱ ባዶ ሳህን ሲመለስላት «ተመስገን፣ በላ» ትላለች፤ ቀና ብላ ስታየው ግን እንደ ከሳ ነው። እሷም ለሁለት ከሠራችው ምግብ ፊት ብቻዋን ትቀመጣለች።

ድግስ ሲጠሩት መቅረት ጀመረ። ገበያ የሚወርደው በኋላው መንገድ ዞሮ ሆነ፤ «ከሳህ» የሚለው ሰው እንዳያገኘው። ቤቱ ዘመድ ሞልቶት ብቻውን ቀረ። ይህ ክፉ ብቸኝነት ነው አሰግድ። ሰው በሌለበት ብቻህን ስትሆን ቢያንስ መዋሸት አይኖርብህም።

በዚያው ሰሞን አንድ በሬ ገዛ። ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለበት ቦራ አለው። ሆዱን ታሞ የከሳ፣ ሥጋ ሻጭ እንኳ አልፎት የሚሄድ በሬ ነበር። ይህን በዐይኔ አይቻለሁ፤ መርፌውን የወጋሁት እኔ ነኝ። በሽታውን አስታገሥኩለት። የሄደውን ሥጋ መመለስ ግን የመርፌ ሥራ አይደለም፤ ለሰውዬው ትቼለት መጣሁ።

አንድ ቀን ከሰዓት ሚስቱ እንቁላል ልትለቅም ወደ በረቱ ሄደች። ዶሮዎቹ ምን እንዲህ እንዳወፈራቸው ግራ ሲገባት ነው የሰነበተችው። ከግድግዳው ወዲያ የባሏን ድምፅ ሰማችና በቀዳዳው አየች።

ባሏ አንድ አገዳ ልጦ፣ አውራ ጣት የሚያህል ሰብሮ፣ ቦራ አፍ አጠገብ ይዞለታል። ቦራ ፊቱን አዞረ። እሷ አሁን አፉን ፈልቅቆ ሊከትበት ነው ብላ ጠበቀች። ሰውዬው እጁን ሰበሰበ።

«እሺ፤ ትንሽ ቆይተን» አለው።

አልተቆጣም፤ አልማለለትም። በሞቴ ቢለው በሬ ምን ይገባዋል? በረቱ ደጃፍ ካለች ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ወደ ኮረብታው ማየት ጀመረ። በሬውን አያየውም። ብዙ ቆየ። ከዚያ ቦራ ራሱ አንገቱን ዘረጋ፤ ቁራጯን ከእጁ ወሰደ። ሁለተኛ አልሰጠውም። አንገቱን አሸት አሸት አደረገለትና ሳህኑን አንሥቶ ምሳውን በሙሉ ለዶሮዎቹ በተነው።

ሴትዮዋ እንቁላሉን ረስታ ቆማ ቀረች። እውነቱን ልንገርህ፤ በበሬ ቀናች። ይህ ሰው ለታመመ ሆድ የሚያስፈልገውን ሁሉ ያውቃል ለካ! እሱን እንደዚያ የያዘው ሰው ግን የለም። እሱም ራሱን እንደዚያ አልያዘም። ለበሬው የሰጠውን ጊዜ ለራሱ ነፍጎታል።

በማግስቱ የተቀቀለ ድንች ግማሹን በትንሽ ሳህን አደረገች። በርበሬ አላስነካችውም፤ ጨው ብቻ። የራሷንም ምሳ ያዘች። በረት ሄዳ ድንጋዩ ላይ አጠገቡ ተቀመጠችና ዐይኗን ኮረብታው ላይ አድርጋ የራሷን መብላት ጀመረች።

ደነገጠ። «በልቻለሁ» አለ ቶሎ ብሎ።

የራሷን ጉርሻ ጎረሰች። ትንሽ ቆይታ ከድንቹ አውራ ጣት የሚያህል ቆርሳ አፉ አጠገብ ያዘችለት። ፊቱን አዞረ። ቀጥላ የምትለውን ስለሚያውቅ ትከሻውን ሰብስቦ ጠበቀ። እሷ ግን እጇን ሰበሰበች።

«እሺ፤ ትንሽ ቆይተን» አለችው።

ዞሮ አያት። ከዚያ በሬውን አየ። እንደገና እሷን አየ።

«በሬ አደረግሽኝ?»

«በሬማ ብትሆን ይሄኔ ወፍረህ ነበር» አለችው።

ሳቀ። ዓመት ሙሉ ያልሳቀ ሰው እየሳቀ እንባው መጣ። እሷም ሳቀች፤ እሷም አለቀሰች። ቦራ ብቻ ያመነዥካል። ሲረጋጋ እጁን ዘርግቶ ቁራጯን ራሱ ከእጇ ወሰደ። በላት። አንዲት ብቻ። ሁለተኛ አልሰጠችውም፤ አልለመነችውም። ዶሮዎቹ ያን ቀን ጦማቸውን ዋሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ለወሬ አይመችም። ጠዋት ትንሽ አጥሚት፣ ረፋድ ላይ ትንሽ ድንች፣ ከሰዓት ደግሞ ሆዱ የተቀበለውን ትንሽ ነገር፤ ሁልጊዜ ሁለቱ ሆነው። ሰውዬው የበሬዎቹን ደረት የሚለካበት ገመድ ነበረው፤ በሬው ሲፋፋ ቋጠሮ ይጨምርበታል። አንድ ቀን ማንም ሳያየው ራሱን ለካበት። ገመዱ ሁለት ጊዜ ዞረው። አፈረ፤ ግን ቋጠሮ አሰረበት። ከሁለት ወር በኋላ አዲሱ ቋጠሮ ከአሮጌው ጣት ያህል ራቀ። ጣት ነው ያልኩህ፣ ክንድ አይደለም። ያቺን ጣት ለሚስቱ ሲያሳያት ሙሽራ ሆኖ ነበር።

ሐምሌ ሲገባ በሽታው ተነሣ። በብዙ ወር የያዘውን በሁለት ሳምንት ወሰደበት። ሰውዬው ገመዱን የእበት ክምር ላይ ወረወረው። «አበቃ!» አለ። ሳህኑን ይዞ ብቻውን ወደ በረቱ ሊሄድ ተነሣ፤ ወደዚያችው «በልቻለሁ» ወደምትለው ቃል ሊመለስ። ሚስቱ ገመዱን አነሣች፣ አጠበች፣ ምሰሶው ላይ ሰቀለችው።

«ቦራ በግንቦት መልሶ ሲታመምብህ፣ አበቃ ብለኸው ነበር?» አለችው።

አላለውም ነበር። ከአውራ ጣት ነበር የጀመረለት።

በነጋታው ከተማ ወርዶ ሐኪሙን አየ፤ መድኃኒቱን አስተካከሉለት። ሲመለስ ድንጋዩ ላይ ትንሹ ሳህን ጠበቀው። ግማሽ ድንች።

ይህ ሰው ድሮ የነበረውን አልሆነም። እንዳልዋሽህ። በሽታውም አልለቀቀውም። የሠርጉ ኮት ሰፍቶት ቀረ፤ ሚስቱ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳ አስጠበበችለት። ጎድኑ ግን መቆጠሩን አቆመ። ድግስም መሄድ ጀመረ፤ እሷ አጠገቡ ትቀመጥና በሞቴ የሚል እጅ ሲመጣ «እሱ ትንሽ ቆይቶ ነው» ትላለች።

እንግዲህ አሰግድ፣ ሰውዬውም አንተ ነህ፤ በሬውም አንተ ነህ። ይመለሳል ወይ ብለኸኛል። ይመለሳል፤ ጣት ጣት እያለ፣ አንዳንዴም መልሶ እየሄደ። አንተ በየማለዳው ፋርማሲው በር ያለው ሚዛን ላይ ወጥተህ አንገትህን ደፍተህ ስትመለስ አይቼሃለሁ። አንደኛ ክፍል አይደል የምታስተምረው? ፊደል አልገባ ያለውን ልጅ «ነገ እንሞክራለን» ትለዋለህ አሉ። ለራስህስ እንዲህ ብለህ ታውቃለህ?

ሚስቲቱ ማን ናት ትለኝ ይሆናል። እዚህ ላይ እኔ አፍራለሁ። ለፋሲካ ያንን ጉርሻ ይዤ በሞቴ ያልኩህ እኔ ነኝ። በሞቴ ብዬ ምዬ እኔ ደህና ዋልኩ፤ አንተ አራት ቀን ተኛህ። ከዚያ ወዲህ ይኸው፣ ሳህን ስልክልህ ተቀብለህ በርህን ትዘጋለህ፤ ስጠራህ ከውስጥ ሆነህ «በልቻለሁ ጋሼ» ትለኛለህ። ውሻዬ በአንድ ወር ምን እንዳወፈረው የማላውቅ መሰለህ?

እኔም ብቻዬን ነው የምበላው። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ምግብ አፌ ውስጥ ይዞራል። ለሁለት መሥራቱን ግን አልተውኩም፤ እጄ ለምዶት።

ይኸው ድንች። ግማሽ ነው፤ በርበሬ አልነካውም። እኔ የራሴን እበላለሁ፤ ፊቴን ወደ ግቢው አዙሬያለሁ፤ አንተን አላይህም።

ምን? በልቻለሁ?

እሺ፤ ትንሽ ቆይተን።