ያልተፈቀደው ጸሎት

ምእመናን በየሰዉ ቤት እየተሰበሰቡ በሚጸልዩበት በጥንቱ ዘመን፣ አንድ ጳጳስ ከትልቁ ከተማ ተልከው ወደ አንዲት መንደር ሲሄዱ ወንዝ ሲሻገሩ ደራሽ ውሃ ከነበቅሏቸው ወሰዳቸው። «ኧረ ጸልዩልኝ!» እያሉ ሲጮኹ መንደርተኞቹ እየጸለዩ ጎትተው አወጧቸው።

ጳጳሱ ቀሚሳቸው ሳይደርቅ ሕዝቡን ሰብስበው ይቆጡ ጀመር።

«አባ ፊልሞናን መሪያችሁ አድርጋችሁ ስትሾሙ ማንን አስፈቀዳችሁ? እኛ ያልሾምነው ሰው የሚመራው ጸሎት ሰማይ አይደርስም! ዛሬውኑ አውርዱት!»

ሁሉም አንገቱን ደፋ። አንዲት ሸክላ ሠሪ ግን ብድግ ብላ እጅ ነሣች።

«እሺ አባታችን፣ እናወርዳቸዋለን። ግን ጠዋት ወንዙ ዳር ያስጸለዩን እሳቸው ነበሩ። ጸሎቱ ካልደረሰ እርስዎንም ያወጣነው ያለ ፈቃድ ነው። ወደ ወንዙ እንመልስዎትና ፈቃዱ ከከተማ እስኪመጣ እዚያው ይጠብቁን።»