ጃርት የተከሰሰችበት ተረት

ልጆቼ፣ ስሙ በተረሳ አገር፣ አውሬ ሁሉ አፍ በነበረው ዘመን፣ እመት ጃርት የምትባል ተረት አዋቂ ነበረች። ውሃ ወርዶ የሚመለስ ሁሉ እሷ ዘንድ ጎራ ሳይል አያልፍም።

በዚያ አገር ለክፉ ቀን የሚቀመጥ የማሽላ ጎተራ ነበር። ጠባቂው አያ ከርከሮ ነው። አገሩ ሲከሳ እሱ ብቻ ይወፍራል፤ ደፍሮ የሚጠይቀው ግን የለም።

አንድ ቀን እመት ጃርት እንዲህ ብላ አወራች፦ «አንድ ዝንጀሮ ነበር። ጎተራ ጠብቅ ቢሉት ማሽላውን በላና፣ ከሥር ገለባ ሞልቶ ከላይ ማሽላ በተነበት።» ሰሚው ሁሉ ሳቀ። ሳቁም ከከርከሮ ጆሮ ገባ።

ከርከሮ እየሮጠ ወደ ዳኛው ወደ ዝሆን ሄደ። «ጌታዬ፣ ስሜን አጥፍታለችና አፏ በልጥ ይታሰርልኝ» አለ።

ጃርት ተጠርታ መጣች። እሾኋ ሁሉ ቆሟል። ልጆቿን የምታሳድገው ተረት ሰሚ በሚያመጣላት ሥራሥር ነው፤ አፏ ከታሰረ ማለቃቸው ነው።

«ከርከሮ ብለሻል?» አላት ዝሆን።

«አላልኩም ጌታዬ። ዝንጀሮ ነው ያልኩት።»

ምስክሮቹም ተጠየቁ። «ስሙን አልጠራችም» አሉ።

«በአገራችን ሕግ ተረት አይከሰስም» አለ ዝሆን። «ስም ጠርቶ በሐሰት የወነጀለ፣ ‹ሂዱና ቤቱን አቃጥሉ› ብሎ ሰው ያስነሳ ግን ይቀጣል። እሷ አንዱንም አላደረገች።»

ከርከሮ ተናደደ። «ዝንጀሮው እኔ መሆኔን ማን ያጣዋል? ደግሞም ውሸቷን ነው።»

«ውሸቱ የቱ ላይ ነው?»

«ገለባ ሞላ ትላለች። እኔ ገለባ የሚባል አልነካሁም፤ የሞላሁት አሸዋ ነው።»

ከርከሮ ያለውን ነገር ራሱ የሰማው ከሁሉም ዘግይቶ ነው። ሄደው ጎተራውን ቢከፍቱ፣ ከላይ አንድ ስንዝር ማሽላ፣ ከሥር አሸዋ። ደግነቱ ድርቁ ገና አልመጣም፤ ማሽላውም በየማሳው አሽቷል። ከርከሮ ተሻረ፤ ጎተራውንም በገዛ ጉልበቱ መልሶ እንዲሞላ ተፈረደበት።

ጃርት በረጅሙ ተነፈሰች፤ እሾኋም ተኛላት። «እንግዲህ የፈለግኩትን ላውራ ጌታዬ?» አለች።

«ተረትሽን አውሪ» አላት። «ያለ ምስክር የሰው ስም ካነሳሽ ግን እዚሁ እንገናኛለን።»

«እሱስ ደግ ነው» ብላ ወደ ልጆቿ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ነው አሉ፣ «ተረት ስም አይጠራም፤ የበላ ግን አቤት ይላል» የተባለው።