በበቅሎ ስም የተፈለገች ልጅ

አንድ ከሩቅ አገር መጥቶ የከበረ እህል ነጋዴ ነበር። ከሚስቱ ከወላንሳ የወለዳት ብርቄ የምትባል አንዲት ልጅ አለችው። ብርቄ አፍ አልፈታችም፤ ስሟን ቢጠሯት ዞር አትልም፤ ጩኸት ሲበዛ ጆሮዋን ይዛ ትወዛወዛለች። የሚፈስ ውኃ ካየች ግን ዓለሟ ነው። ነጋዴው «እርግማን አለበት ይሉኛል» ብሎ ስለሚፈራ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር ጓዳ ይዘጋባታል። ልጅ እንዳለው የሚያውቅ ጎረቤት አልነበረም።

አንድ የክረምት እሑድ የማኅበር ተራው ደረሰና ደገሰ። ተበልቶ ተጠጥቶ መዝሙሩ ሲደምቅ ወላንሳ መጥታ በጆሮው «ልጅቷ የለችም! በጓሮ በር ወጥታለች» አለችው። ነጋዴው ክው አለ። ከጓሮው በታች ወንዝ አለ፤ ወንዙ ደግሞ ሞልቷል። ቁጭ አለ፣ ተነሣ። ጠላ ልቅዳ ብሎ ማንቆርቆሪያውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። ወጣ፣ ገባ፣ ደግሞ ወጣ።

የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ታዘቡትና «ምነው ወንድሜ፣ መቀመጫህን እሾህ ወጋው? ምን ጠፋብህ?» አሉት።

«በ... በቅሎዬ ጠፋች» አለ።

ማኅበርተኛ ደግ ነው፤ ሁሉም ግር ብሎ ተነሣ። የዕድሩ ጡሩምባ ነፊ ሳይቀር ጡሩምባውን ይዞ ወጣ። ሰፈሩ በጩኸት ተናወጠ። ጡሩምባው በተነፋ ቁጥር ልጁ ጆሮዋን ይዛ ወደ ወንዙ ስትሸሽ ይታየዋል። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ደርሶ ይመለሳል። እንዲህ ሲዋልል አንዱ ከጋጣው እየሳቀ መጣና «ኧረ በቅሎህ ታስራ ገብሷን ትበላለች!» አለው።

ሰዉ ሳቀ። ነጋዴው ግን ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

«የጠፋችው ልጄ ናት። መናገር አትችልም። ጩኸት ያስፈራታል፣ ውኃ ትወዳለች። ስለ እግዚአብሔር፣ ጡሩምባውን ተዉት!»

ዘግይተው የመጡ አንዲት ባልቴት ደረታቸውን ደቁ። «ቢጫ ቀሚስ የለበሰችው? ቅድም ወንዝ ዳር አይቻታለሁ እኮ! ሰላም ብላት ዝም ስትለኝ ‹ምን ያለች ስድ ናት› ብዬ አለፍኳት። ያንተ መሆኗን ባውቅ አዝዬ አላመጣልህም ነበር ልጄ?»

ሁሉም ድምፃቸውን አጥፍተው ወደ ወንዙ ወረዱ። ብርቄ ጎርፍ በሸረሸረው አፈር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ውኃውን ታያለች። ወላንሳ ማንንም ሳታስከትል ቀስ ብላ ሄዳ ከጎኗ ተቀመጠች። ልጅቷ ጥቂት ቆይታ ወደ እናቷ ጉያ ተጠጋች።

ከዚያ ወዲያ ጓዳው አልተዘጋም። ብርቄ ወደ ወንዙ ስትወርድ ያየ ሁሉ እጇን ይዞ ወደ ቤቷ ይመልሳታል።

ወዳጄ፣ የብርቄ ነገር እርግማን አልነበረም፤ ዛሬ ኦቲዝም የምንለው፣ ዓለምን በሌላ መንገድ የማየትና የመስማት ተፈጥሮ ነው። ልጁን ከሰው አፍ የደበቀ አባት ከሰው እጅም ደበቃት። ለመሆኑ አንተስ ሰላም ብለሃት ዝም ያለችህን ልጅ ስድ ብለህ አልፈሃት ይሆን?