የነጠፈው ገለባ ክስ

አንድ ቀን ጠዋት አቶ ደግፌ ጎረቤታቸውን ሽብሩን ከሰው በቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት አቆሙት። አቶ ደግፌ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ እንጉዳይ የሚያመርቱ፣ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ «ይማርህ» ለማለት የሚሳሱ ንፉግ ናቸው።

እንጉዳዩን የሚያበቅሉት ላስቲክ ውስጥ በታጨቀ ገለባ ላይ ነው። ገለባው አርጅቶ ሲነጥፍ፣ ከነላስቲኩ በአጥር አሻግረው ሽብሩ ማሳ ላይ ይጥሉታል። የሽብሩ መሬት ደግሞ ከመድከሙ የተነሳ የዘሩበትን እንኳ አይመልስም። ሚስቱም «ዘንድሮም እንዲህ ከሆነ ልጆቼን ይዤ እናቴ ዘንድ እገባለሁ» ብላዋለች። ሽብሩ ቢጨንቀው ላስቲኩን እየቀደደ ገለባውን ከእበት ጋር ከመረው፤ በስብሶ ሲጠቁር ማሳው ላይ በትኖ ከአፈሩ ጋር ቀላቀለው፤ በቆሎም ዘራበት። ክረምቱ ሲወጣ በቆሎው ሰው ቢገባበት የማይታይ ጫካ ሆነ።

ይሄኔ አቶ ደግፌ እንቅልፍ አጡ።

«ክብርት ዳኛ፣ በቆሎው በእኔ ገለባ ነው ያማረው። እኩሌታው ይገባኛል!» አሉ።

ዳኛዋ ወይዘሮ ትብለጥ «ገለባውን የጣሉት ራስዎ አይደሉ እንዴ?» ቢሏቸው፣

«ብጥለውስ? ጥርሴ ቢወልቅ የጎረቤት ጥርስ ይሆናል?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሽብሩ ግን አልሳቀም፤ ልቡ በቆሎው ላይ ነው።

«አንተስ ምን ትላለህ? ድርሻ አላቸው?» አሉት ዳኛዋ።

ሽብሩ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። «አላቸው እንጂ!»

«ወይኔ ጉዴ!» አለች ሚስቱ ከኋላ። አቶ ደግፌ ጢማቸውን እየዳበሱ ፈገግ አሉ።

«ድርሻቸው ገለባው ነው፤» ቀጠለ ሽብሩ፤ «አንዲት ዘለላ አልክድም። ብቻ አፈር ገብቷል።»

«አፈር ቢገባስ!» ብለው ከመቀመጫቸው ተነሱ አቶ ደግፌ። «የእኔ የሆነ ነገር የትም ይግባ የት፣ አልለቀውም!»

«እሱስ ልክ ነዎት፣ ጋሽ ደግፌ» አለ ሽብሩ ዝቅ ብሎ እጅ እየነሳ። «ተከትለውት አፈር ለመግባት የቆረጡ ዕለት ይላኩብኝ፤ መቆፈሩ በእኔ ይሁን።»

አቶ ደግፌ ሦስቴ አማትበው፣ «ክሱን ትቼዋለሁ! ትቼዋለሁ!» እያሉ በሩን ሳይዘጉ ወጡ።